ያልታረሰውስ መሬት ለማን?

ርእሰ አንቀጽ

በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» የሚል መፈክር ይዘው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። በዚያን ጊዜ ፓርላማው የባለርስትንና የጭሰኛን ግንኙነት ስለሚመለከት ሕግ ይነጋገር ነበር። ተማሪዎቹ ያነሡት ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነበር፤ አንዱ እያረሰ ሌላው የሚበላበት ሥርዓት ይብቃ የሚል ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። እኛ የእነዚያ ተማሪዎች ወራሾች ነን ብለን እንኰራለን፤ መኵራታችንም ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ የወረሱትን ነገር መመርመር የወራሽ ፈንታ ነው። «መሬት ላራሹ» ሲባል የታሰበው ማረሻ የገባበት መሬት ነበር። ማረሻ ያልገባበትስ? ሣር የሚታጨድበት ውርጫማ ደጋ፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት ደን፣ ግመል የሚጠጣበት የወንዝ ዳር፣ እነዚህ ሁሉ አራሽ የላቸውም። አራሽ ስለሌላቸው ግን ባለቤት የላቸውም ማለት ነውን? በዚህ እትም ልናነሣ የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው። መልሳችንንም ከወዲሁ እንናገራለን። ባለቤት አላቸው፤ የባለቤቱ መብት በሕግ ካልተረጋገጠ ደግሞ ደኑም፣ ሣሩም፣ አውሬውም አይጠበቅም።

ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ክፍል ትተንላቸው ባለፍን ነበር። ነገር ግን የዛሬ ጥያቄ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በታኅሣሥ ወር 2022 የዓለም መንግሥታት በካናዳ ከተማ በሞንትሪያል ተሰብስበው፣ እስከ 2030 ድረስ ከየብሱና ከባሕሩ 30 በመቶው እንዲጠበቅ ተስማምተዋል። የስምምነቱ ቃል የነባር ሕዝቦችና የየአካባቢው ነዋሪ መብት እንዲከበርም ያዛል። ቃሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን 30 በመቶ የሚባለው ቍጥር በካርታ ላይ መስመር ሆኖ መሰመሩ አይቀርም፤ መስመሩ የሚያርፍበት መሬት ላይም ሰው አለ። እንግዲህ ያንን መስመር የሚያሰምረው፣ ደንቡን የሚያረቀው፣ ካሣውን የሚተምነው ማን ነው? ዛሬ በካፌው ወረፋ ከጐናችን ቆሞ የሚጠብቀው ተማሪ ነው። የደን ጥበቃ፣ የሕግ፣ የጂኦግራፊ፣ የኢኮኖሚ ተማሪዎች ነገ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል።

ከመካከላችን አንዱ የተወለደው በአንድ ጥብቅ ሥፍራ ወሰን አጠገብ ባለች መንደር ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሩ ገብቶ ሲመለስ ያወራን ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። አያቱ ሣር ታጭድበት የነበረው ተረተር ዛሬ በችካል የተከለለ ነው። ታላቅ ወንድሙ አንድ ሸክም ሣር አጭዶ ሲወጣ ተይዞ፣ ማጭዱ ተወስዶበት፣ ሁለት ሌሊት ታስሮ ከተቀጣ በኋላ ተለቋል። ባልንጀራችንን ያስገረመው ቅጣቱ አይደለም። ወንድሙ እንዲህ አለው፦ «ድሮ ሰው ያለ ጊዜው ሣር ሲያጭድ ካየን ራሳችን እንጮህ ነበር። አሁን ምን አገባኝ? የነርሱ ነው፤ እነርሱ ይጠብቁት።» ይህን ቃል ደጋግመን አሰብንበት። አጥሩ ተሠርቷል፤ በአጥሩ ውስጥ የነበረው ዘበኛ ግን ሥራውን ለቅቋል። ያ ዘበኛ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ሌሊትም ቀንም እዚያው የሚያድር የመንደሩ ሰው ነበር።

የመንደሩ ሰው በእውነት ይጠብቃልን? ይህን የሚጠራጠር ወደ መንዝ ይውጣ። በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው፤ ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይሠራበታል። ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም የሚወርዱ ምንጮች ከዚያ ይነሣሉ። በዓለም ላይ የጐለመሱት ተቈጥረው 500 የማይሞሉትና ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮዎች ከሚኖሩባቸው ጥቂት ተራሮች አንዱ ይህ ነው። ጭላዳውም እዚያው በመንጋ ይግጣል።

ይህ ደጋ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ባላገር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ያስተዳድረው ነበር። አንባቢ ዛሬ በሌላ ትርጉም ከሚያውቀው ቃል ጋር እንዳያምታታው እንለምናለን፤ ይህኛው የመንዝ የሣር ሕግ ነው። መሬቱ አስቦና ጌራ በሚባሉት የዘር ሐረጎች መካከል የተከፈለ ሲሆን፣ ሕዝቡ ራሱ የሚመርጣቸው አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች ነበሩት። ሣሩ እንዲያርፍ ሲወሰን ጓሳ ይዘጋል። መዘጋቱም ለወር ወይም ለሁለት ወር አይደለም፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ማንም አያጭድበትም፣ ማንም ከብት አያሰማራበትም። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ለሕዝብ ይነገርና ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። አምስት ዓመት መታገሥ ለድኻ ገበሬ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የገበሬ ልጆች የሆንን ሁሉ እናውቃለን። የታገሠው ለምንድን ነው? ቀኑ ሲደርስ ድርሻውን ማንም እንደማይነጥቀው ስለሚያውቅ ነው። ትዕግሥቱ የመጣው ከመብቱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩን ማሳመር አንፈልግም። ቄሮ የእኩልነት ሥርዓት አልነበረም። መብቱ ከአስቦና ከጌራ የዘር ሐረጉን ለሚቈጥር ሰው ነበር፤ ዘር መቍጠር ያልቻለው ከደጅ ይቀር ነበር። ስለዚህ የ1967ቱ አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ፣ ከርስት ጋር የተሳሰረው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ የታሰበው ለሚታረስ መሬት ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ እርሻ ይፈቅድ፣ ገበሬውንም በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ ገደማ መሬት ላይ በገበሬ ማኅበር ያደራጅ ነበር። ስለ አባ ቄራ የተናገረው ነገር የለም። ጓሳም ባለቤት የሌለው ሜዳ ሆነ። ከዚህ በፊት ከደጅ የቀረው ድኻ መግባቱ ፍትሕ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ሲገባ የሚዘጋ በር አልነበረም። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ከብቱም ያለ ወራቱ ተሰማራበት። የእኩልነቱ ጥያቄ ተመለሰ፤ የጥበቃው ጥያቄ ግን ከነባለቤቱ ተረሳ።

የመንዝ ሰው ይህን አይቶ ዝም አላለም። ከደርግ መውደቅ በኋላ በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች እንደገና ተመካክረው የጋራ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ የጥበቃ ምክር ቤትም አቋቋሙ። በዚህ ጊዜ አባልነቱ በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የክልሉ መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው። አሮጌው ሥርዓት ጥበቃ ነበረው፣ እኩልነት ግን አልነበረውም፤ የ1967ቱ እኩልነት አመጣ፣ ጥበቃን ግን ጣለ፤ ሦስተኛው ሁለቱን ለማስታረቅ የሚጥር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት በየትኛው መማሪያ መጽሐፍ እናገኛለን?

በመማሪያ መጽሐፍ የምናገኘው እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1968 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ፣ የጋራ መሬት መጥፋቱ የማይቀር ነው ብሎ ጽፏል። ክርክሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ከብት አርቢ አንድ ላም ቢጨምር ትርፉ የራሱ ነው፣ ጉዳቱ ግን የሁሉ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ሜዳውም ይጠፋል። መፍትሔውም ወይ የግል ማድረግ፣ ወይ መንግሥት እንዲይዘው ማድረግ ነው። ይህ ክርክር በአፍሪካና በእስያ ላሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ዳሩ ግን ሃርዲን የገለጸው ሜዳ ደንብ የሌለው፣ በር የሌለው፣ አባ ቄራ የሌለው ሜዳ ነው። እርሱ ራሱ ከ30 ዓመት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ስሕተቱ አስተዳዳሪ የሌለው የጋራ ሀብት ብሎ አለመለየቱ እንደ ሆነ አምኗል። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ከስዊስ የተራራ ግጦሽ እስከ ስፔንና ፊሊፒንስ የመስኖ ማኅበራት መርምራ፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ ራሳቸው ጠብቀውና ቀጥተው የጋራ ሀብታቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ማቆየታቸውን በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ አስረዳች። በ2009 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚ ዘርፍ ተሰጣት። የመንዝ ባላገር ሽልማት አልተሰጠውም፤ የሠራው ግን ያንኑ ነው።

እንግዲህ ሌላውን መንገድ እንይ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከረዩዎችና አፋሮች በደረቅ ወራት ከብታቸውንና ግመላቸውን ይዘው ወደ ወንዙ የሚወርዱበት ግጦሽ ነበር። በዚያው ዘመን በአንድ ወገን የሸንኮራ እርሻው የወንዙን ዳር ያዘ፣ በሌላው ወገን ፓርኩ ሜዳውን ያዘ። ለከብት አርቢው የቀረው በመካከል ያለው ደረቅ መሬት ሆነ። ድርቅ በመጣ ቍጥር ከብቱ ወደ ፓርኩ ይገባል፤ ዘበኛው ያባርራል፤ ጠብ ይነሣል። ይህ እስከ ዛሬ አላቈመም። ከብት አርቢው ሕገ ወጥ ነው ይባላል። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፦ ከሕጉ በፊት የነበረው ሰው እንዴት በሕጉ ወንጀለኛ ሆነ?

ስሜንም እንዲሁ ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመን ከፓርኩ ውስጥ መንደሮች በኃይል ተነሡ። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ካሣ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በግጭ ሜዳ ላይ የነበረው የግጦሽ ብዛት ከባድ ችግር እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን ገብስ ያርስ፣ በግ ያረባ የነበረ ሰው በከተማ ዳር ቤት ስለ ተሰጠው ኑሮ ተሰጥቶታል ማለት አይደለም። ዋልያውን የምናድነው የዋልያውን ጐረቤት አጥፍተን ከሆነ፣ ለዋልያው ነገ ማን ይቆምለታል? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እዚህ የተነቀነቀው አጥር የባለቤቱ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጣጣ እንዳይመስለን፣ ኑሯቸው ኑሯችንን የሚመስል አገሮች ያዩትን እንመልከት። የሚከተሉት ዘመናት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ኔፓል በ1957 የግል ደኖችን ሁሉ በሕግ የመንግሥት አደረገች። ዓላማው ደኑን ከጥቂት ባለጸጎች አውጥቶ ለአገር ማድረግ ነበር። ነገር ግን የተራራው ገበሬ ደኑ ከእጁ የወጣ መሰለው፤ የማይጠብቀውን ደን መቍረጥ ጀመረ። ከብዙ ጥፋት በኋላ በ1993 የወጣው የደን ሕግ ደኑን እንዲጠብቁና እንዲጠቀሙበት ለመንደር ማኅበራት አስረከበ። ዛሬ እነዚህ ማኅበራት ከ22,000 ይበልጣሉ፤ ተራቍቶ የነበረው ተራራ በብዙ ቦታ ተመልሶ ለብሷል። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ ወንበሩን የያዙት የመንደሩ ባለጸጎችና ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ በ2009 የወጣው መመሪያ ከአመራሩ አባላት እኩሌታው ሴቶች እንዲሆኑ አዘዘ። እንጨት ለቅማ የምትመጣው ሴት ናትና ስለ እንጨቱ ሴት ሳትናገር የተቈረጠ ደንብ አይጸናም።

ናሚቢያን እንውሰድ። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ነጭ ገበሬዎች በእርሻቸው ላይ ባለው የዱር አውሬ የመጠቀም መብት በሕግ ተሰጣቸው፤ ጥቍሩ ሕዝብ በሚኖርበት የጋራ መሬት ላይ ግን ያው አውሬ የመንግሥት ነበር። አንዱ አውሬውን እንደ ሀብት ያየዋል፤ ሌላው ማሳውን እንደሚያጠፋ ጠላት ያየዋል። ነጻነት ከመጣ በኋላ በ1996 የወጣው ሕግ ያንኑ መብት ለጋራ መሬት ነዋሪዎች ሰጠ። በ1998 አራት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራዎች ተመዘገቡ፤ ዛሬ ከ80 ይበልጣሉ፣ የያዙትም መሬት ከአገሪቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ሆኖም ያላለቀ ሥራ አለ። ነዋሪው በአውሬው ላይ መብት አለው፤ መሬቱ ግን ዛሬም በመንግሥት ስም ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ሜዳውን ቢያጥር ማስወጣት ይቸግረዋል። አውሬውን የሰጡት፣ አውሬው የቆመበትን መሬት ግን ያልሰጡት ሰው ግማሽ ባለቤት ነው።

ኬንያ ደግሞ ጐረቤታችን ናት። የኢንዶሮይስ ሕዝብ በ1970ዎቹ በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ካለው መሬቱ የዱር አራዊት ጥብቅ ሥፍራ ይሆናል ተብሎ ተነሣ። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በ2010 በታወጀ ውሳኔው መሬቱ እንዲመለስለት ፈረደ። በማው ደን የሚኖሩት ኦጊኤኮች ደግሞ ከደኑ ውጡ ሲባሉ በአሩሻ ለሚቀመጠው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ጉዳያቸው ቀረበ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ደኑን ለመጠበቅ ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግንቦት 26 ቀን 2017 በሰጠው ፍርድ ይህን ምክንያት አልተቀበለም፤ ለደኑ መመናመን ተጠያቂዎቹ ኦጊኤኮች መሆናቸው አልተረጋገጠም አለ። በ2022 ደግሞ ካሣ እንዲከፈላቸውና መሬታቸው እንዲረጋገጥላቸው አዘዘ። ፍርዱ ታላቅ ነው። ነገር ግን በኅዳር 2023 ኦጊኤኮችን ከማው ደን የማስወጣት ሥራ እንደገና መጀመሩን ሰምተናል። ከዚህ የምንማረው ፍርድ በወረቀት ላይ ሲቀር የሚፈርደው ጉልበት መሆኑን ነው።

ወደ አገራችን እንመለስና አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር፤ በጓሳ ብቻ የተሠራ ነገር አይደለምና። በአዳባና በዶዶላ ወረዳዎች፣ የባሌ ተራሮች በሚጀምሩበት ደን፣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጂብ የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደኑ በክልል በክልል ይከፈላል፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ያህል ደን ይታሰብና በአንድ ማኅበር ከ30 ቤተሰብ አይበልጥም። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፤ መጠቀም መብቱ፣ መጠበቅ ግዴታው ነው። የሌላ ሰው ምሳር ቢገባ ማኅበሩ ራሱ ያስወጣል። ሦስት ተመራማሪዎች በእነዚህ ተራሮች 49 ማኅበራትን አጥንተው ውጤታቸውን በ2010 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በታወቀው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ ሌላው ቢተባበር እኔም እተባበራለሁ የሚሉ ሰዎች የበዙበት ማኅበር ደኑ የተሻለ ነው፤ እነዚህ ሰዎችም ጊዜያቸውን ሰጥተው ደኑን በመዞር ይጠብቃሉ። እንግዲህ ገበሬው የሚጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሌላው እንደማይከዳው፣ መንግሥትም እንደማይከዳው ማወቅ ይፈልጋል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን ከአሁን በፊት በዚህ ጉዳይ ስንከራከር እንዲህ ብለውናል፦ «ሕዝቡ በዝቷል፤ እርሻው ወደ ተራራው ጫፍ እየወጣ ነው፤ መብት ብትሰጡት አርሶ ይጨርሰዋል።» ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። የገብስ ማሳ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን እኛም በዐይናችን አይተናል። ነገር ግን ሰው ማሳውን ወደ ደኑ የሚገፋው ባለቤት ስለ ሆነ ነው ወይስ ነገ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብሎ? በገጠር የኖረ ሰው መልሱን ያውቃል። በእጁ የሌለውን መሬት በእጁ ለማድረግ ያለው አንድ መንገድ ማረስ ብቻ የሆነበት ገበሬ ያርሳል። መሬት ላራሹ ካልን፣ ላለማረስ ምን ሰጠነው? ሣሩን ያሳረፈ፣ ደኑን ያቆየ ሰው በሕግ ዐይን ባዶ መሬት የያዘ ሰው ሆኖ እስከ ቀረ ድረስ፣ ማረሻው ወደ ላይ መውጣቱን አያቆምም።

ሌሎች ደግሞ መንደሩ መልአክ አይደለም ይላሉ። ልክ ነው። በመንደርም ጉልበተኛ አለ፣ ጉቦ አለ፣ ሴትና መሬት አልባ ወጣት የማይሰሙበት ሸንጎ አለ። ቄሮም ይህ ጉድለት እንደ ነበረበት ተናግረናል። ዳሩ ግን ጉድለቱን የምናርመው ሸንጎውን በማስፋት ነው እንጂ ሸንጎውን በመዝጋት አይደለም። መሥሪያ ቤትም መልአክ ሆኖ አያውቅም።

ሕጉ ምን ይላል? ስለ ሕጉ ማጕረምረም የለመድን ሰዎች ሕጉን እናንብ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥም ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ አርሶ አደሩ ከመሬቱ አለመነቀል፣ አርብቶ አደሩም የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ ኑሮውን የሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲሠራ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 ከመንግሥት ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደን መኖሩን ዐውቋል። እንግዲህ ቃሉ አለ። የጐደለው ቃሉን በሥራ የሚተረጕም ሰው ነው። ለየገበሬው ማሳ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለጋራ ግጦሹ፣ ለጋራ ሣሩ፣ ለጋራ ደኑ ግን ደብተሩን በስሙ የያዘ መንደር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለወንድሞቻችን፣ ለእኅቶቻችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በሕግ፣ በጂኦግራፊና በደን ትምህርት ክፍሎች ውስጥ የአገራችን የጋራ መሬት ሥርዓቶች ይማሩ። የሮማን የንብረት ሕግ የሚያውቅ፣ ነገር ግን አባ ቄራን የማያውቅ የሕግ ምሩቅ ለመንዝ ገበሬ ምን ይጠቅማል? በቦረና ጕድጓድ ላይ ውሃ በተራ የሚያከፋፍለውን አባ ሄሬጋን የማያውቅ የግብርና ምሩቅስ?

ሁለተኛ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መንደር የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ያገኘውን ውጤት ወደዚያው መንደር መልሶ ያንብብ። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ሲመልስ ውሎ፣ መልሱ በእኛ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ይህም ሌላ ዓይነት ጭሰኝነት ነው፤ እርሱ ያርሳል፣ እኛ እንመረቅበታለን።

ሦስተኛ፤ ነገ ካርታ እጃችን ሲገባ፣ መስመር ከመስመራችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ይህን መሬት እስከ ዛሬ ማን ጠበቀው? ከተከለለ በኋላ የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው? ባለመብቱስ ሲበደል የሚከስስበት ደጅ የት ነው? ለሦስቱ መልስ ያላገኘ መስመር በእርሳስ ይቆይ።

ያ ባልንጀራችን ወደ አገሩ የሚመለሰው በመጪው ክረምት ነው። ለወንድሙ ምን ብሎ እንደሚነግረው ጠይቆናል። ይህን ጽሑፍ እንዲያነብለት ነገርነው። እርሱም «ያንብበውና፣ ማጭዴን ማን ይመልስልኛል ቢለኝስ?» አለን። መልስ አልነበረንም። መልሱ በዚህ ገጽ ላይ ሊገኝ አይችልም፤ ሊገኝ የሚችለው ከዚህ ግቢ ወጥተን በምንቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። የቀደሙት ተማሪዎች በዘመናቸው ለሚያርሰው ተናግረዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ ሳያርስ ለሚጠብቀው እንናገር።